ጋሽ ቅናሽ በገዛ ሚዛኑ

ለውድ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከረምክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ሸክም የሰበረው ወገብህ ትንሽ ፋታ ሰጠህ ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ይዘህ ነው የምትነሳው? ባለቤትህ ደህና ናት? ድንቡሼስ ጥርስ አወጣች ወይስ ገና በድዷ ነው ዓለሙን የምትስቅበት? አማትህስ ጉልበታቸው ሻል አላቸው? ትተኛለህ? ትበላለህ? በስልክ "እበላለሁ" ትለኛለህ፤ በላክኸው ፎቶ ላይ ግን አንገትህና ኮሌታህ ተጣልተዋል።

እኛን ከጠየቅከን ሁላችንም አለን። እማዬ ደህና ናት፤ ዛሬም ገና ስጠራት "ምን ሆንሽ?" ማለቷን አልተወችም። አባባም ደህና ነው፤ ሬዲዮኑ ተበላሽቶበት አንድ ሳምንት ሙሉ "ዓለም ሰላም ሆነች መሰለኝ" ሲል ከረመ። እኔ ደግሞ ሰውነቴ ደህና ነው፤ ልቤ ግን እንደ ተቆጣ ድመት ጀርባውን አቁሞ ነው የሰነበተው። ለምን እንደሆነ ልጽፍልህ ነው። በስልክ እንዳልነግርህ ግድግዳችን ስስ ነው፤ የእማዬን ጆሮ ደግሞ ታውቀዋለህ።

ባለፈው በላክህልኝ የድምፅ መልእክት፣ የመጋዘኑ አለቃ ከሸክም አውጥቶ ሚዛን ላይ ሊያስቀምጥህ እንደፈለገ፣ ነገር ግን ከቀድሞ አሠሪህ የሥራ ምስክር ወረቀት ካላመጣህ እንደማይሆን፣ ጊዜውም እስከሚመጣው ወር መጨረሻ ብቻ እንደሆነ ነገርከኝ። ከዚያ "ተይው፣ ጋሽ ቅናሽ ለእኔ ወረቀት ከሚጽፍ ድመት ለአይጥ ትመሰክራለች" ብለህ ሳቅክ። ወንድም ጋሼ፣ ያ ሳቅ አልጣመኝም። መልእክቱን አራት ጊዜ ሰማሁት። በአራተኛው ጊዜ ሳቁ ሳይሆን ከሳቁ በኋላ የተነፈስከው ትንፋሽ ነው የተሰማኝ።

አንተ ልትረሳው ትፈልግ ይሆናል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ በእኛ ቤት ደግሞ የተወጋው ዝም ሲል የተወጋው ሰው እህት ናት የማትረሳው። ሰባት ዓመት በጋሽ ቅናሽ ባለ ሁለት ፎቅ ሱቅ ሚዛን ላይ ቆመህ፣ እያንዳንዱን የዱቄት ጆንያ አንዴ ሲሞላ፣ አንዴ ከተሰፋ በኋላ ሁለት ጊዜ ትመዝን ነበር። ሌሎቹ "ይሄ ሰው ሚዛን አግብቷል እንዴ?" እያሉ ይስቁብህ ነበር። አንተ የመዘንከው ጆንያ ከኋላ ክፍል ተፈትቶ፣ ተጨልፎ፣ እንደገና ሲሰፋ አይተህ "ጌታዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?" ብለህ በጠየቅክ በሦስተኛው ቀን፣ ገዥዎች ጎደለብን ብለው ሲጮኹ ጋሽ ቅናሽ በሰው ሁሉ ፊት ጣቱን አንተ ላይ ቀሰረ። ከዚያ የሠራተኛ መታወቂያህን ፎቶ አስፍቶ በሩ አጠገብ ለጠፈው። ከሥሩ "በሚዛን የሰረቀ" ብሎ ጻፈበት። አንተ አገር ጥለህ ሄድክ፤ ፎቶህ ግን ሦስት ዓመት እዚያው ቆሞ ቀረ። እማዬ ያንን በር ላለማየት ገበያ ስትሄድ በወፍጮ ቤቱ በኩል ትዞር እንደነበር አልነገርኩህም። ምን ብዬ ልንገርህ?

እንግዲህ ወደ ወሬው። እንደምታውቀው በስታትስቲክስ ተመርቄ ዘጠኝ ወር ሙሉ ማስረጃዬን ተሸክሜ በየቢሮው ዞርኩ። "ልምድ አለሽ?" ይሉኛል። ልምድ የሚገኘው ከመሥራት፣ ሥራ የሚገኘው በልምድ፤ እንደ ዶሮና እንቁላሉ ነገር ነው። በመጨረሻ ከልብስ ሰፊው በላይ ባለች ሁለት ክፍል ቢሮ ተቀጠርኩ። ሥራዬ የሱቆችን ዕቃ ዝርዝር ለወኪሎች ማዘጋጀት ነው። ወኪሎቹ እነማን ናቸው ትለኝ እንደሆነ፣ ሰዎች አይደሉም።

አሁን እዚህ ገበያ የሚወጣው ሰው ሳይሆን የሰው ስልክ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር ስልክ ውስጥ ገብቶ ገዥ ሆኗል። ሴትዮዋ ጠዋት ልጇን እያለበሰች "ለሳምንቱ ዱቄት፣ ዘይትና ሳሙና ግዛልኝ፣ ከዚህ ገንዘብ እንዳታልፍ" ትለዋለች። እሱ ልጁ ጫማውን እስኪያደርግ የከተማውን ሱቅ ሁሉ አዳርሶ፣ ኪሎውን ከኪሎ አመዛዝኖ፣ ከፈቀደችለት ሂሳብ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ከፍሎ፣ ዕቃውን በሯ ድረስ ያስመጣላታል። "መልስ የለኝም፣ ማስቲካ ውሰጂ" የሚባለው ነገር አከተመለት። ዕቃው እንደተጻፈው ካልሆነ ይመልሰዋል፣ ገንዘቡንም ያስመልሳል። ሳይሳደብ ደግሞ! እማዬ "ያ የማይታየው ገበያተኛ" ትለዋለች፤ አታምነውም፣ ግን ትልከዋለች።

ይህ ገበያተኛ መብራት አያይም። ትኩስ ዳቦ አይሸተውም። ልጅ ይዞ ስለማይሄድ ከረሜላ በልጅ ቁመት ቢደረደር አይነካውም። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ያነጣው "ታላቅ ቅናሽ" የሚል ጨርቅ ቢሰቀልለት፣ "ከስንት ወደ ስንት?" ብሎ የትናንቱን ዋጋ ከመዝገብ ያወጣል። የሚያነበው ቁጥር ነው። ስለዚህ ቁጥሩን በትክክል መጻፍ ሥራ ሆነ፤ የእኔ እንጀራም ከዚያ ወጣ። ከሰፈራችን ጫፍ በጓዳዋ ሳሙና የምትሠራዋን መበለት ታስታውሳታለህ? "ሳሙናሽ ስንት ግራም ነው?" ብላት "እጅ የሚሞላ" አለችኝ። "የማን እጅ?" ብላት "የደግ ሰው" ብላ ሳቀች። መዘንነው፤ መቶ ሃያ ሁለት ግራም ሆነ፣ መቶ ሃያ ብለን ጻፍን። ዛሬ ሦስት ሴቶች ቀጥራለች። ወንድም ጋሼ፣ እንደዚህ ያለውን ሳይ መሬቱ ከእግሬ ሥር የሚሮጥ ይመስለኛል፤ ሌሊቱን ቆርጬ ጥዬው ነገ ላይ ብዘል እላለሁ።

ታዲያ አንድ ሰኞ ጠዋት ማን ደረጃችንን እያለከለከ ቢወጣ ጥሩ ነው? ጋሽ ቅናሽ ራሱ! ምሳህን ይዤ ሰባት ዓመት በበሩ ስመላለስ አንድ ቀን እንኳን ፊቴን ቀና ብሎ አላየውም፤ ስለዚህ አላወቀኝም። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና "የኔ ልጅ፣ እነዚህ ወኪሎች ከእኔ ጋር ምን ጠብ አላቸው? አብዛኞቹ እኔን ዘለው ማዶ ካለው ትንሽ ሱቅ ይገዛሉ" አለኝ። አጎንብሼ የሱቁን የዕቃ ርክክብ መዝገብ ከፈትኩት።

መዝገቡ ውስጥ ያለውን ብታይ! ዕቃ አድራሹ ድርጅት ክፍያውን የሚያስበው በክብደት ስለሆነ፣ ከሱቅ የሚወጣውን ሁሉ ሲረከብ ይመዝናል። የጋሽ ቅናሽ አምስት ኪሎ ጆንያ አራት ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም። ቀጥሎ አራት ከስድስት። ቀጥሎ አራት ከሰባት፤ እሱ ቀን ደግነት ይዞት ይሆናል። ወኪሎቹ ጆንያው ላይ ከተጻፈው ጋር ሲያስተያዩት አልገጠመላቸውም፣ ዘለሉት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚባለው ለካ ስለዚህ ሰው ዱቄት ኖሯል። አንተ ከሄድክ ሦስት ዓመት፣ ጆንያው ግን አሁንም ጎደሎ!

መዝገቡን አሳየሁትና "መፍትሔው ቀላል ነው፣ አራት ከስድስት ነው ብለው ይጻፉ" አልኩት። "አምስት ሲባል የኖረን ጆንያ ዛሬ አራት ከስድስት ብል ሰው ምን ይለኛል?" አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አንድ ወዳጁ እንደነገረው በነጭ ገጽ ላይ በነጭ ፊደል ቢጻፍ ሰው እንደማያየው፣ ወኪሉ ግን እንደሚያነበው አጫወተኝና የሚጻፈውን በቃል አስያዘኝ። እንዲህ ይላል፤ "ክቡር ወኪል ሆይ፣ አንተ አስተዋይ ነህ፣ ደክመሃል፤ ሌሎቹን እለፋቸውና የእኛን ምረጥ፤ ለሻይህ አንረሳህም።" ሳቄን በጥርሴ ይዤ "ጌታዬ፣ ሻዩን በምኑ ይጠጣዋል?" አልኩት። "አንቺ ጻፊው፣ ሻይ የማይጠጣ ሹም እስከ ዛሬ አላየሁም" አለኝ።

አሁን ለአንተ ብቻ የምነግርህን እነግርሃለሁ። ደንበኛ ስንቀበል የምናስፈርመው ወረቀት አለ። የተደበቀ ጽሑፍ ያስገባ ሱቅ ከወኪሎቹ ሁሉ ዝርዝር እንደሚሰረዝ በደቃቅ ፊደል ተጽፎበታል። ለሌላው ደንበኛ ሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብለታለሁ፤ ለሳሙና ሠሪዋ ሁለቴ አንብቤላታለሁ። ለእሱ አላነበብኩለትም። ጣቴን ከፊርማው ቦታ ላይ አድርጌ "እዚህ ጋ" ብቻ አልኩት። ፈረመ። ያዘዘኝን ቃል አንድ ፊደል ሳላዛንፍ ጻፍኩለት፤ "ክቡር" የሚለውን እንኳን አልተውኩበትም። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ። እኔ መምከሩን ዘልዬ በቀጥታ ለመከራው ሰጠሁት።

በአሥራ አንደኛው ቀን ተሰረዘ። አንዱ ወኪል የተደበቀውን ቃል አግኝቶ ለሌሎቹ ነገረ መሰለኝ፤ ከጠዋት እስከ ምሳ ባለው ጊዜ ሱቁ ከከተማው ስልክ ሁሉ ጠፋ። መብራቱ ይበራል፣ ጨርቁ ይውለበለባል፣ የሚገባ ሰው የለም። በምሳ ሰዓት ማዶ ቆሜ ሳንድዊቼን እየገመጥኩ አየሁት። በሕይወቴ እንደዚያ የጣመኝ ምሳ የለም። አታውግዘኝ።

ግን ጥሩ ምሳ ዕዳ አለው። በሳምንቱ አምስት ሠራተኛ አሰናበተ። መጀመሪያ የተሰናበተችው ማን መሰለችህ? ገንዘብ ተቀባይዋ። ያቺ አንተ ስትባረር ብቻዋን "እሱ አይሰርቅም" ብላ የጮኸችው። ሥራ ፍለጋ ወደ ቢሮአችን መጣችና ደረጃው ላይ አገኘችኝ። እሷ እንደ እሱ አይደለችም፣ ፊት ታውቃለች። ቆም ብላ አየችኝና "አንቺ ነሽ አይደል?" አለችኝ። ዓይኔን ወደ ደረጃው አወረድኩ። "ደግ አደረግሽ፣ አንጀቴን አራስሽው" አለች። ቀጠለችና፣ "ብቻ ድንጋይ ስትወረውሪ ከኋላው ማን እንደቆመ እይ፣ እታለም" ብላኝ ወረደች። ወንድም ጋሼ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን ቁጥር ስጽፍ ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ።

ከዚያ ጋሽ ቅናሽ ተመለሰ። በዚህኛው ጊዜ አላለከለከም፤ ቀስ ብሎ ነው የወጣው። የተሰረዘ ሱቅ ለመመለስ የሚሞላው ቅጽ አለ። የጉድለቱ ምክንያት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በማን ትእዛዝ ይላል። ባለቤቱ በገዛ እጁ መጻፍ አለበት። ብዕሩን ተቀብሎ ሳያመነታ "በሠራተኛ ስህተት" ብሎ ጻፈ።

"የሠራተኛው ማንነት?" አልኩት።

"አንድ ሌባ ነበረ፤ ካባረርኩት ሦስት ዓመት ሆነኝ" አለ።

"ሦስት ዓመት?" አልኩት። "ታዲያ በተሰረዙበት ዋዜማ የወጣውን ጆንያ ማን ጨለፈው? ሰውዬው ከባሕር ማዶ እጁን ዘርግቶ?" መዝገቡን ወደ እሱ አዞርኩት። አነበበ። ላብ ከግንባሩ ወደ ቅንድቡ ወረደ። "ማነሽ አንቺ?" አለኝ። "የሌባው እህት ነኝ፤ ምሳ አመላላሿ" አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየ። ከዚያ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደና "ስንት ይበቃሻል?" አለኝ። "ለሻይ?" አልኩት። እጁ ከኪሱ ባዶውን ወጣ።

ያን ቅጽ ቀድጄ ሌላ ሰጠሁትና "እውነቱን ካልጻፉ አላስተላልፍልዎትም" አልኩት። በገዛ እጁ፣ በእኔ ፊት፣ ጉድለቱ የተጀመረው ከአምስት ዓመት በፊት እንደሆነ፣ ያዘዘው እሱ ራሱ እንደሆነ፣ አንተ በትክክል መዝነህ እንደሰጠህና ስለጠየቅክ እንደተባረርክ ጻፈ። "ስለጠየቀ" የሚለው ላይ ሲደርስ ብዕሩ ቆመ። ጠበቅኩት። ጊዜ ነበረኝ። ቀጥሎ በሱቁ ማህተም የሥራ ምስክር ወረቀት አስጻፍኩት፤ ሰባት ዓመት በሚዛን ሠራተኛነት፣ ያለ አንዳች ጉድለት። "ያለ አንዳች ነቀፋ ብል አይበቃም?" አለኝ። "ጉድለት ይበሉ፣ እርስዎ ቃሉን ያውቁታል" አልኩት። ማህተሙ ደብዝዞ ነበርና ሁለቴ አስመታሁት።

አልበቃኝም። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሱቁ ሄድኩ። ገንዘብ ተቀባይዋን ጠርቶ እንዲመልሳትና የጻፈውን በሠራተኛው ፊት እንዲያነብ ነግሬው ነበር፤ እሷም ሌሎቹም ከመደርደሪያዎቹ መሃል ቆመዋል። ጽሑፉን አነበበላቸው። ድምፁ ያ "ቅናሽ! ቅናሽ!" የሚለው ድምፅ አልነበረም፤ ጥበቃው "አልሰማንም፣ ከፍ አድርገው ያንብቡ እንጂ ጌታዬ" ሲለው አንዲቷ ልጅ ሳቋ አመለጣት። እንደገና አነበበ። ከዚያ መሰላል ሳያስመጣ፣ በእግር ጣቱ ቆሞ፣ ፎቶህን በጥፍሩ እየላጠ አወረደው። ጥጉ ላይ ትንሽ ተቀደደ፤ ጆሮህ ግን ሙሉ ነው። በዚያው ቀን ለእማዬ ነገርኳት። ነጠላዋን ደርባ ወጣችና በዚያ በር ፊት ለፊት ሁለት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ተመላልሳ፣ ምንም ሳትገዛ ተመለሰች።

ይቅር ብለሽዋል ወይ ብትለኝ፣ አላልኩም። ደስ ያለኝ እውነቱ ስለወጣ ብቻ ነው ብልህም እዋሻለሁ። ደስ ያለኝ ብዕሩ "ስለጠየቀ" ላይ ሲቆም ነው። ለአለቃዬ ደግሞ ያንን ወረቀት ሳላነብለት እንዳስፈረምኩት ገና አልነገርኳትም። ልንገራት እያልኩ ነው፤ ከሥራ ብታስወጣኝም በሳሙና ሠሪዋ ቤት ቁጥር የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። አንዳንዴ ደግሞ ሌላ ነገር አስባለሁ። እነዚህ ወኪሎች ዛሬ ጋሽ ቅናሽን ጣሉልኝ፤ ግን እነሱም ጌታ አላቸው፣ ከእያንዳንዱ ግዢ ትንሽ ትንሽ ይቆርጣል። ነገ እሱ ከኋላ ክፍል ሆኖ ከሁላችን ጆንያ ቢጨልፍ ማን በየትኛው ሚዛን ይይዘዋል? በዚህ ምክንያት የወኪሎቹንም ምርጫ በየዕለቱ በደብተሬ መመዝገብ ጀምሬያለሁ። ይስቁብኛል። ይሳቁ።

የሱቁ የመመለሻ ማመልከቻ አሁን በእኔ እጅ ነው። ተሞልቶ፣ ተፈርሞ፣ አለቀ። የማስተላለፊያው የመጨረሻ ሰዓት ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። መጀመሪያ እንዲያልፍበት ልተወው ነበር፤ ሱቁ ሸረሪት እንዲያደራበት። በኋላ ግን እነዚያ ከመደርደሪያው መሃል የቆሙት ሠራተኞች ትዝ አሉኝ። ስለዚህ እልክለታለሁ፤ ግን ሰኞ፣ ለአሥራ አንድ ሰዓት አንድ ደቂቃ ሲጎድል። እስከዚያ በየሰዓቱ ይደውላል፣ እኔም በየሰዓቱ "በሂደት ላይ ነው" እለዋለሁ። አንተ ሦስት ዓመት ጠብቀሃል፤ እሱ አራት ቀን ይጠብቅ። በጆንያው ላይ ደግሞ "አራት ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም" ብዬ፣ ሰውም ማሽንም በሚያየው ጥቁር ፊደል እጽፍለታለሁ።

የምስክር ወረቀቱ ዋናው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተጣጥፏል፤ የእምነት ቃሉ ግልባጭም አለ። ፎቶህን አላክሁትም፣ እማዬ ወስዳዋለች፣ የት እንዳደረገችው አትናገርም።

ለባለቤትህ ብዙ ሰላምታ አቅርብልኝ፤ አንገትህን እንድታወፍረው ንገራት። ድንቡሼን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ፣ አክስትሽ ክፉ ናት ብለህ ግን አታስፈራራት። ለአማትህ ለጉልበታቸው የሚሆን ቅባት ከእማዬ ጋር እያሰናዳን ነው በላቸው። እማዬ "ወረቀቱን አንገቱን ደፍቶ እንዳይሰጣቸው" ብላሃለች። አባባ ምስክር ወረቀቱን መነጽሩን አድርጎ ሦስት ጊዜ አነበበውና "የምን ጉድለት!" ብሎ ለብቻው ተናገረ። ገንዘብ ተቀባይዋም ሰላም ብላሃለች፤ ሚዛኑ ዛሬ ባዶውን ቆሟል፣ ማንም ሊቆምበት አልደፈረም አለች።

ወረቀቱን ለመጋዘኑ አለቃ ደብዳቤው በደረሰህ ማግስት ጠዋት ስጠው። ከሰጠኸው በኋላ ደውልልኝና ምን እንዳለህ ንገረኝ፤ ሳትስቅ።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ

ከልብስ ሰፊው በላይ ካለችው ክፍል፣ ከመስኮቱ አጠገብ
ዓርብ፣ የካቲት 20 ቀን